የተራራ ማዕድን ከሳተላይት ምስል ምን ያህል ይታያል?

ጥያቄ፦ «በምዕራብ ወለጋ በባህላዊ መንገድ ወርቅ የምናመርት ማኅበርተኞች ነን። በቺሊ አገር ከሚገኘው የኤስኮንዲዳ የመዳብ ማዕድን አካባቢ በሳተላይት የተነሣ፣ ተራራው በሮዝ፣ በወይን ጠጅና በአረንጓዴ ቀለማት የተሞላ ምስል አይተናል። አንድ ሰው የእኛንም ተራራ በዚሁ ዓይነት ምስል አይቶ ወርቁ ያለበትን ቦታ በቀለም ለይቶ እንደሚሰጠን ነግሮን ገንዘብ ጠይቆናል። ለመሆኑ ቀለማቱ ማዕድኑን ያሳያሉ? በእኛ አገርስ ይሠራል?»

ምላሽ፦ የጥያቄያችሁን ዋና ነገር አስቀድሜ ልመልስ። ወርቅን በቀለም ለይቶ የሚያሳይ ሳተላይት የለም። ሳተላይት ሊያሳይ የሚችለው የአለቱንና የአፈሩን የላይኛውን ገጽ የሸፈኑት ማዕድናት ምን ዓይነት እንደሆኑ ነው፤ ከእነዚህ ማዕድናት ተነሥቶ ከሥር ምን ሊኖር እንደሚችል መገመት ግን የሥነ ምድር ባለሙያ ሥራ ነው። ይህ ግምት በኤስኮንዲዳ ተራሮች ላይ ጠንካራ መሠረት አለው፤ በምዕራብ ወለጋ ግን ያው ማዕድን፣ በዚያው ቀለም ቢታይም፣ ፈጽሞ ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ልዩነቱ ሳይታወቅ የሚከፈል ገንዘብ የማኅበራችሁን ጥሪት የሚያባክን በመሆኑ ጉዳዩን ከመሠረቱ ዘርዘር አድርጌ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የኤስኮንዲዳ ምስል የተነሣው አስተር በሚባል መሣሪያ ነው። አስተር በጃፓንና በአሜሪካ ትብብር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 ቴራ ከተባለችው ሳተላይት ጋር ወደ ጠፈር የተላከ ሲሆን፣ የኤስኮንዲዳን አካባቢ ያነሣው በሚያዝያ 2000 ነው። መሣሪያው ከምድር ተንጸባርቆ የሚመለሰውን የፀሐይ ብርሃን እንዲሁም ምድር ራሷ የምትለቀውን ሙቀት በ14 የሞገድ ክልሎች፣ በባለሙያዎች አነጋገር በ14 ባንዶች፣ ከፋፍሎ እንዲለካ የተሠራ ነው። ሦስቱ ባንዶች በሚታየው ብርሃንና ለእርሱ ቅርብ በሆነው ታሕተ ቀይ ክልል ይገኛሉ፤ ስድስቱ በአጭር ሞገድ ታሕተ ቀይ፣ አምስቱ ደግሞ በሙቀት ታሕተ ቀይ ውስጥ ናቸው። አንድ የምስል ነጥብ፣ ማለትም አንድ ፒክስል፣ በመጀመሪያዎቹ 15 ሜትር በ15 ሜትር፣ በሁለተኞቹ 30 በ30፣ በመጨረሻዎቹ 90 በ90 ሜትር የሚሆን መሬት ይሸፍናል።

ቀለሙ የሚመጣው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። የሰው ዓይን ታሕተ ቀይ ብርሃንን ማየት ስለማይችል ምስሉን የሚያዘጋጀው ሰው ሦስት ባንዶችን መርጦ አንዱን ቀይ፣ አንዱን አረንጓዴ፣ አንዱን ሰማያዊ እንዲሆኑ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። በኤስኮንዲዳው ምስል 4ኛው ባንድ፣ ማለትም የሞገድ ርዝመቱ በ1.65 ማይክሮ ሜትር (ማይክሮ ሜትር የሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) አካባቢ ያለው፣ ቀይ ሆኗል፤ በ2.2 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ያለው 6ኛው አረንጓዴ፣ በ2.33 አካባቢ ያለው 8ኛው ደግሞ ሰማያዊ ተደርገዋል። እንደ ካኦሊናይት፣ አሉናይትና ነጭ ሚካ ያሉ አሉሚኒየም ያለባቸው ማዕድናት የ2.2 ማይክሮ ሜትሩን ብርሃን ውጠው ስለሚያስቀሩት በእነርሱ ቦታ ላይ አረንጓዴው ይደክምና ቀዩና ሰማያዊው ተዋሕደው ሮዝ ወይም ወይን ጠጅ ይሆናሉ። ክሎራይት፣ ኤፒዶትና ካልሳይት ደግሞ በ2.33 አካባቢ ያለውን ስለሚውጡ ሰማያዊው ይቀንስና ቦታው ወደ ቢጫና አረንጓዴ ያደላል። አዘጋጁ የባንዶቹን ቅደም ተከተል ቢለውጥ ኖሮ ያው ተራራ በሌሎች ቀለማት ተሞልቶ ይታይ ነበር። ስለዚህ ማንም ሰው «ወይን ጠጅ ማለት ይህ ማዕድን ነው» ሲላችሁ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ የትኛው ባንድ በየትኛው ቀለም እንደተቀመጠ ነው፤ ይህ ካልተነገረ ቀለሙ ምንም ትርጉም የለውም።

ማዕድናት ብርሃንን በተወሰነ ቦታ ላይ የሚውጡት በውስጣቸው ባለው የአተሞች ትስስር ምክንያት ነው። ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ከአሉሚኒየም ጋር ሲተሳሰሩ ትስስሩ የሚርገበገብበት ልክ በ2.2፣ ከማግኒዥየም ጋር ሲተሳሰሩ ደግሞ በ2.3 ማይክሮ ሜትር አካባቢ የብርሃን ጉድለት ይፈጥራል። የብረት ዝገቶች፣ ማለትም ሄማታይትና ጎታይት፣ ሰማያዊውን ብርሃንና በ0.9 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ያለውን ታሕተ ቀይ ይውጣሉ። ኳርትዝና ፌልድስፓር ግን እንዲህ ያለ ትስስር ስለሌላቸው በአጭር ሞገድ ታሕተ ቀይ ውስጥ ምንም ምልክት አይሰጡም። ኳርትዝ ምልክቱ የሚገኘው ከ8 እስከ 9.5 ማይክሮ ሜትር በሚደርሰው የሙቀት ክልል ውስጥ ነው፤ በዚያ ክልል ደግሞ የአስተር ፒክስል 90 ሜትር በመሆኑ ጠባብ ነገር አይለይም።

ወርቅን በተመለከተ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በአንድ ቶን አለት ውስጥ 3 ግራም ወርቅ ቢኖር ብዙ ኩባንያዎች ሊያወጡት የሚመኙት ማዕድን ነው፤ ይህም ማለት ከአንድ ሚሊዮን ግራም አለት ውስጥ ወርቁ 3 ግራም ብቻ ነው። የቀረው 999,997 ግራም ኳርትዝ፣ ሚካ፣ ካርቦኔትና ሌላ ነገር ስለሆነ ወደ ሳተላይቱ የሚመለሰው ብርሃን የእነርሱ እንጂ የወርቁ አይደለም። ወርቁን የተሸከመውን የኳርትዝ ጅማት እንኳ እንፈልግ ብንል፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጅማት 30 ሜትር ርዝመት ያለውን ፒክስል ከዳር እስከ ዳር ቢያቋርጥ የሚሸፍነው ከ900 ካሬ ሜትር ውስጥ 30ውን ብቻ ነው። ይኸውም ከሠላሳ አንድ እጅ ማለት ነው፤ እርሱም አፈርና ሣር ካልሸፈነው ነው።

ታዲያ የኤስኮንዲዳ ምስል ለምን ይህን ያህል ዋጋ ተሰጠው? መልሱ በማዕድኑ ዓይነትና በአየር ንብረቱ ላይ ነው። ኤስኮንዲዳ ከባሕር ወለል በላይ 3,050 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአታካማ በረሃ ውስጥ ይገኛል፤ ዕፅዋት የለበትም ማለት ይቻላል፣ አለቱም ለሰማይ የተጋለጠ ነው። የመዳብ ክምችቱ ፖርፊሪ ከሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ከሥር ወደ ላይ የገባ የቀለጠ አለት ሲቀዘቅዝ የለቀቀው ሙቅ ውኃ በዙሪያው ያሉትን አለቶች በስፋት ለውጧቸዋል። ሎዌልና ጊልበርት የተባሉት ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ምድር ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳሳዩት፣ ይህ ለውጥ ከመሐል ወደ ዳር በቅደም ተከተል የተደራጀ ነው፦ በመካከሉ ፖታሲየም የበዛበት፣ ቀጥሎ ነጭ ሚካና ኳርትዝ የሞላበት፣ ከዚያ ሸክላማ የሆነ፣ በመጨረሻም ክሎራይትና ኤፒዶት ያለበት ሰፊ የውጭ ቀለበት። እነዚህ ቀለበቶች ብዙ ጊዜ ኪሎ ሜትሮችን ስለሚሸፍኑ በ30 ሜትር ፒክስል በደንብ ይለያሉ። በሌላ አነጋገር ሳተላይቱ የሚያሳየው መዳቡን ሳይሆን ሙቁ ውኃ ያለፈበትን ሰፊ ዱካ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ችላ የሚባል አንድ ነገር ማንሣት እፈልጋለሁ። በኤስኮንዲዳ ላይኛው ገጽ የነበረው መዳብ ለረጅም ዘመን ታጥቦ ሄዷል። በአለቱ ውስጥ ያለው ፒራይት የተባለው የብረትና የድኝ ማዕድን ከአየርና ከውኃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም መዳቡን አሟሙቶ ወደ ታች ይወስደውና ከሥር እንደገና አዝቅጦ የበለጸገ ንብርብር ይሠራል። ላይ የሚቀረው ዝገትና ሸክላ የሞላበት፣ መዳቡ እጅግ ያነሰ ቆብ ነው። ክምችቱ እ.ኤ.አ. በ1981 የተገኘው በመሬት ላይ ጥናት፣ በናሙና የኬሚካል ምርመራና በቁፋሮ ሲሆን፣ ማምረት የጀመረው በ1990 ነው። የምታደንቁት ምስል የተነሣው ቁፋሮው የት እንደሚሆን ከታወቀ ከ19 ዓመት በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ምስል በታወቀ ቦታ ላይ መነሣቱ መሣሪያውን ለመፈተንና ያልታወቁ ተራሮችን በዚያው ሚዛን ለመመዘን ጠቅሟል፤ ነገር ግን «ሳተላይት ኤስኮንዲዳን አገኘ» የሚል ካለ ታሪኩን ገልብጦታል።

ይህን ስል የሳተላይቱን ጥቅም ማሳነሴ አይደለም። የአሜሪካ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች የሆኑት ማርስና ሮዋን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት የኢራንን የዛግሮስ እሳተ ገሞራዊ ተራሮች ሰንሰለት በአስተር ምስሎች አጥንተው፣ በነጭ ሚካና በሸክላ የተለወጡ አለቶች የት የት እንዳሉ በካርታ አስቀምጠዋል። ያን የሚያህል ስፋት በእግር ለማዳረስ በርካታ ዓመታት በፈጀ ነበር። የሳተላይት ምስል ከሁሉ የሚበልጥበት ሥራ ይህ ነው፦ ሰፊውን አገር አጥብቦ «መጀመሪያ እዚህ ሂዱ» ማለት።

ተራራማ መሬት ለዚህ ሥራ ደግም ክፉም ነው። ቁልቁለቱ አፈሩን እያጠበ አለቱን ስለሚያጋልጥ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ የመታው ገጽና በጥላ ያለው ገጽ አንድ ዓይነት አለት ቢሆኑም በምስል ላይ እጅግ ተለያይተው ይወጣሉ። ለዚህ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ የአንዱን ባንድ መጠን በሌላው ማካፈል ነው። ጥላው ሁለቱንም ባንዶች በተቀራራቢ መጠን ስለሚቀንሳቸው ሲካፈሉ ይጠፋል፤ የሚቀረው በአለቱ ዓይነት የመጣው ልዩነት ነው። ለምሳሌ በአስተር ላይ 4ኛውን ባንድ ለ6ኛው ማካፈል አሉሚኒየም ያለባቸውን ሸክላዎችና ሚካዎች ያጎላል፤ 2ኛውን ለ1ኛው ማካፈል የብረት ዝገትን ያወጣል። ድቅድቅ ባለ ጥላ ውስጥ ግን ይህም አያድንም፤ ከዚያ የሚመለስ ብርሃን አነስተኛ በመሆኑ የሚገኘው ቁጥር በአብዛኛው የመሣሪያው ስሕተት ነው። ጠባብ ሸለቆዎች ውስጥ በድንገት የሚታይ ደማቅ ቀለም ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱ።

አሁን ወደ እናንተ አገር እንምጣ። በምዕራብ ወለጋ መሬቱ አብዛኛውን ዓመት ለምለም ነው፤ ቅጠል የሸፈነው ፒክስል የሚናገረው ስለ ቅጠሉ ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን አፈሩ ነው። ዝናብና ሙቀት ለረጅም ዘመን ሲፈራረቁበት የኖረ አለት በራሱ ጊዜ ተበልቶ ወደ ቀይ አፈርነት ይለወጣል፤ ይህ ቀይ አፈር የተሠራው በአብዛኛው ከካኦሊናይትና ከብረት ዝገት ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ በአታካማ የሙቅ ውኃ ዱካ ተብለው የሚፈለጉት ማዕድናት ናቸው። ትኩሳት ብቻውን የበሽታውን ስም እንደማይናገር ሁሉ ካኦሊናይት መታየቱም ብቻውን ስለ መንሥኤው አይናገርም፤ በአታካማ ሙቅ ውኃ የፈጠረው በወለጋ በተለመደው ዝናብ ሊፈጠር ይችላል። የኤስኮንዲዳን አሠራር ሳይለውጥ ወደ ወለጋ የሚያመጣ ሰው መንገድ ዳር የተቆረጠውን ቀይ አፈርና ተራቁቶ የታረሰውን ማሳ ሁሉ «ማዕድን ያለበት» አድርጎ ቀለም ይቀባላችኋል።

የማዕድኑም ዓይነት የተለየ ነው። የምዕራብ ኢትዮጵያ ወርቅ የሚገኘው የዓረብና የኑብያ ጋሻ ተብሎ በሚታወቀው ጥንታዊ የአለት መሠረት ውስጥ፣ በተጨማደዱና በተሰባበሩ ቀጠናዎች ላይ በተሠሩ የኳርትዝ ጅማቶች ነው። በዚያው በምዕራብ ወለጋ ያለውን ቱሉ ካፒን ብንወስድ ወርቁ ሳይናይት በሚባል አለት ውስጥ፣ ከኳርትዝና ከአልባይት ጋር ተያይዞ ይገኛል። አልባይት የፌልድስፓር ወገን ነው፤ ቀደም ሲል እንዳልኩት ፌልድስፓርም ኳርትዝም በአጭር ሞገድ ታሕተ ቀይ ውስጥ ምልክት የላቸውም። ስለዚህ ዕፅዋቱ ሁሉ ተነሥቶ አለቱ ቢራቆት እንኳ የቱሉ ካፒ ዓይነት ክምችት እንደ ኤስኮንዲዳ በሮዝ ቀለበት ተከብቦ አይታይም። ወርቅ በማይታይበት ምስል ላይ ወርቅ የለም ብሎ መደምደምም በዚሁ ምክንያት ስሕተት ነው።

በነገራችን ላይ ከዚሁ ከወለጋ ለዓለም የሥነ ምድር መዝገብ የገባ አንድ አለት አለ። ፕላቲነም በሚገኝበት በዩብዶ፣ ማግኒዥየም የበዛበት አለት ተለውጦ ሲሊካ፣ ማለትም ኳርትዝ የተሠራበት ነገር፣ ብቻ እስኪመስል የደረሰ ጠንካራ ድንጋይ ይገኛል፤ ስሙም በብርብር ወንዝ «ብርብራይት» ተብሏል። ብርብራይት በሮዝና በወይን ጠጁ ምስል አይወጣም፤ ሲሊካ ስለሆነ የሚፈለገው በሙቀት ባንዶች ነው። ይህን ያነሣሁት እያንዳንዱ ክምችት የራሱ የሆነ የምልክት ስብስብ ስላለው፣ ምን እንደሚፈለግ ሳይወሰን የሚነሣ ምስል ምንም ሊመልስ እንደማይችል ለማሳየት ነው።

በአካባቢያችን ዘዴው የተሻለ የሚሠራባቸው ቦታዎች አሉ። በትግራይ እንደ ተራኪምቲ ባሉ ቦታዎች፣ በኤርትራም በቢሻ፣ የሰልፋይድ፣ ማለትም ብረታ ብረት ከድኝ ጋር የተዋሐደባቸው፣ ክምችቶች ከላይ ዝገት የለበሰ የድንጋይ ቆብ አላቸው። አካባቢው ደረቅ፣ አለቱም የተራቆተ በመሆኑ እንዲህ ያለ ዝገት በምስል ላይ ይለያል፤ በቢሻ እ.ኤ.አ. በ2011 ማምረት ሲጀመር በመጀመሪያ የወጣው ወርቅ ከዚህ ከላይኛው የዛገ ክፍል ነበር። እዚያም ቢሆን ብረት የበዛበት ተራ ድንጋይ ተመሳሳይ ቀለም ስለሚሰጥ ናሙና ሳይወሰድ የሚደረስበት መደምደሚያ የለም።

ይህ ማለት ለወለጋ የሳተላይት ምስል አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ የሚጠቅመው በሌላ መንገድ ነው። ወርቁን የተሸከሙት ጅማቶች የሚከተሉት የመሬቱን ስብራት ስለሆነ፣ ለእናንተ ከማዕድን ቀለም ይልቅ የመሬቱ ቅርጽ ይበልጥ ይናገራል። በምዕራብ ኢትዮጵያ ትልልቆቹ የስብራት ቀጠናዎች በአብዛኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ ወይም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያዘነበሉ ናቸው፤ ወንዞች በድንገት ቀጥ ብለው ረጅም መንገድ ሲሄዱ፣ ሸንተረሮች በአንድ መስመር ሲቆረጡ ይህ በምስልና በከፍታ መረጃ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ጉዞ በራዳር የሰበሰበው የከፍታ መረጃ ለዚህ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ራዳር ደመናን ስለሚያልፍ በክረምትም ይሠራል፤ ማዕድንን ግን አይለይም። ለደለል ወርቅ ደግሞ ይኸው የከፍታ መረጃ ወንዙ ቁልቁለቱን ጨርሶ የሚረጋባቸውን፣ ጥንት የሄደባቸውንና ዛሬ ከፍ ብለው የቀሩትን ደለላማ እርከኖች ለመለየት ይረዳል። በእኔ አስተያየት ማኅበራችሁ አንድ ባለሙያ ለጥቂት ቀናት የመቅጠር አቅም ካለው ሊያሠራው የሚገባው ይህንን ነው።

ምስሎቹን ለማግኘት ገንዘብ አያስፈልግም። ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ምስሎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ፣ የአስተር እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በነፃ ይሰጣሉ፤ የአውሮፓው ሴንቲኔል 2ም ከመጀመሪያው ነፃ ነው። ምስሎቹን የሚያነቡት ኪውጂአይኤስና ስናፕ የሚባሉት ፕሮግራሞችም እንዲሁ ነፃ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁሉም ለአንድ ሥራ አይውልም። ላንድሳትና ሴንቲኔል 2 በአጭር ሞገድ ታሕተ ቀይ ያላቸው ሁለት ሁለት ባንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሸክላ መሳይ ነገር መኖሩን ቢጠቁሙም ካኦሊናይቱን ከሚካው አይለዩም። አስተር ይለያል፤ ነገር ግን የአጭር ሞገድ ታሕተ ቀዩ ክፍል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2008 ተበላሽቷል። ከዚያ በኋላ በአስተር የተነሣ የሸክላ ካርታ ነው ብሎ የሚያሳያችሁ ሰው ካለ የምስሉን ቀን ጠይቁት። ለወለጋ የሚሻሉት እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ሣሩ ደርቆ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ የተነሡት ናቸው፤ በዚያ ወቅት ግን የተቃጠለ ሣር አመድ መሬቱን ስለሚያጠቁረው ጥቁር ጥቁር ሆነው የሚታዩ ቦታዎችን ከሥራው ማውጣት ያስፈልጋል።

ከዚህ የላቀው ዘዴ ብርሃኑን በመቶዎች በሚቆጠሩ ቀጫጭን ባንዶች የሚከፍለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ተተክሎ የሚሠራው ኤሚት የተባለው መሣሪያ 285 ባንዶች አሉት፤ የተሠራውም የደረቅ አገሮችን የአቧራ ማዕድናት ለማጥናት ነው። ፒክስሉ 60 ሜትር ስለሆነ ለጠባብ ጅማት አይሆንም፣ ለአፋርና ለሰሜን ደረቅ ተራሮች ግን ትልቅ ዋጋ አለው። በግል ኩባንያ የተላከው ወርልድቪው 3 በአጭር ሞገድ ታሕተ ቀይ ስምንት ባንዶች ኖሮት ከሁሉም ይበልጥ ጥርት ያለ ምስል ያነሣል፤ እርሱ በገንዘብ የሚገዛ ነው፣ ቅጠልንና ቀይ አፈርን አልፎ ማየት ግን አይችልም።

ስለዚህ ገንዘብ ስለጠየቃችሁ ሰው የምሰጣችሁ ምክር ግልጽ ነው፦ ወርቁን በቀለም አሳያለሁ ለሚል ሥራ አትክፈሉ። የስብራት መስመሮችንና የወንዝ እርከኖችን ካርታ እሠራለሁ፣ ምስሉ የትኛው እንደሆነና መቼ እንደተነሣ እጽፋለሁ፣ ከእናንተ ጋር ወርጄ አረጋግጣለሁ የሚል ከሆነ ግን ሊከፈልበት የሚገባ ሥራ ነው።

ካርታው እጃችሁ ከገባ በኋላ ማረጋገጡን እናንተ ራሳችሁ መጀመር ትችላላችሁ። እያንዳንዱን ጅረት ከታች ወደ ላይ እየተከተላችሁ፣ በየተወሰነ ርቀት እኩል መጠን ያለው ደለል በገበቴ አጥባችሁ የወርቁን ፍሬ ቁጠሩ፤ ቦታውንም በስልክ ጂፒኤስ መዝግቡ። ፍሬው እየበዛ መጥቶ በድንገት የሚቋረጥበት ቦታ ካለ ምንጩ ከዚያ ግራና ቀኝ ባለው ቁልቁለት ላይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የፍሬውንም ቅርጽ ልብ በሉ፤ ከሩቅ የተጓዘ ወርቅ ጠፍጣፋና ዳሩ የተዳመጠ ሲሆን፣ ከምንጩ ብዙ ያልራቀው ሹልና ሸካራ ነው፣ አንዳንዴም የኳርትዝ ቁራሽ እንደያዘ ይገኛል። እነዚህን ነጥቦች በካርታው ላይ ስታሰፍሩ ከስብራት መስመሮቹ በአንዱ ላይ ከተሰበሰቡ፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ መስመሩን አግድም የሚያቋርጥ ጠባብ ቦይ ቆፍራችሁ ከአለቱ ናሙና መውሰድና ወደ ላቦራቶሪ መላክ ቀጣዩ ሥራችሁ ይሆናል።